የከርነል ድራይቨር፤ መሀል ሰፋሪ ይሁን ወይስ የክተት ጦር?

ዐፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት ዐዋጅ ሲያስነግሩ፣ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ድረስ ወረኢሉ ላይ ከትቶ እንዲገናኛቸው አዘዙ። ወረኢሉ ለዚህ የተመረጠችው ያለ ምክንያት አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በወሎ ዘመቻ ጊዜ የጦር ሠፈር አድርገው ያቋቋሟት ከተማ ስትሆን፣ በኋላም የስንቅና የመሣሪያ ማከማቻ ሆና አገልግላለች። ከሸዋ ወደ ሰሜን የሚወጣ ጦር በዚያ ደጋ ላይ ሳይሰበሰብ ወደ ፊት ቢሄድ ተበታትኖ በሄደ ነበር።

በዚያ ዘመን የመንግሥቱ ጦር፣ ነገሩን በአጭሩ ለመናገር፣ ሁለት ዐይነት ነበር። አንደኛው መሀል ሰፋሪ የተባለው ሲሆን፣ ስሙ እንደሚያመለክተው ከንጉሡ ጋር በሠፈሩ መሀል የሚሰፍር፣ ዘወትር ዝግጁ የሆነ ጦር ነው። ሁለተኛው ክተት ሲባል ከየአገሩ ተነሥቶ ስንቁን በአህያና በበቅሎ አስጭኖ የሚመጣው ነው። የመጀመሪያው በማናቸውም ሰዓት ይገኛል፤ ነገር ግን ሥራ ቢኖረውም ባይኖረውም ቀለቡን ይበላል፤ ቀለቡም በገበሬው ጫንቃ ላይ ነበር። ሁለተኛው በሰላም ጊዜ በየቤቱ ይኖራል፤ ነገር ግን እስኪሰበሰብ ድረስ ሳምንታት ያልፋሉ።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ጦር አይደለም። በኮምፒዩተር ትምህርት ክፍል ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ዘንድ ዘወትር የሚነሣውን አንድ ጥያቄ በታሪኩ በኩል ለመመርመር ነው። ምሳሌውን ያስቀደምሁት የታሪክ ክፍል አንባቢ ነገሩን ባዕድ አድርጎ እንዳያልፈው ብዬ ነው፤ ምሳሌው የማይሠራበትም ቦታ ስላለ ያን ወደ ፊት አሳያለሁ። በኮምፒዩተሩ ታሪክ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከርነል የሚባለው የኮምፒዩተሩ ሥርዓት እምብርት ነው። ማኅደረ ትውስታውን፣ ጊዜውንና መሣሪያዎቹን ለፕሮግራሞች ሁሉ የሚያከፋፍለው እርሱ ነው። ድራይቨር ደግሞ ከርነሉ ከአንድ የተወሰነ መሣሪያ፣ ማለት ከዲስክ፣ ከኔትወርክ ካርድ ወይም ከድምፅ ካርድ ጋር የሚነጋገርበት አስተርጓሚ ነው። ሊኑክስ የተባለውን ከርነል ከምንጩ ኮምፓይል የሚያደርግ ሰው ስለ እያንዳንዱ ድራይቨር ይጠየቃል። ‹‹ዋይ›› ብሎ ቢመልስ ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር አንድ አካል ሆኖ ይሠራል። ‹‹ኤም›› ቢል ሞጁል ተብሎ ለብቻው ፋይል ሆኖ በዲስክ ይቀመጥና ሲፈለግ ይጫናል። ‹‹ኤን›› ቢል ጨርሶ ይቀራል። ጥያቄዎቹ በሺሕ የሚቆጠሩ ናቸውና ተማሪው አብዛኛዎቹን በግምት ያልፋቸዋል።

ብዙ ሰው ይህን እንደ ፍጥነት ወይም እንደ መጠን ጥያቄ ይይዘዋል፤ የትኛው ይፈጥናል፣ የትኛው ማኅደረ ትውስታ ይቈጥባል ይላል። በእኔ አስተያየት በዚህ በኩል የሚሄድ ሰው ለብዙ ጊዜ ተከራክሮ መልስ አያገኝም። ታሪኩ ሲመረመር የሚገኘው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም ከርነሉ የሚሠራበትን ማሽን አስቀድሞ የሚያውቀው ማን ነው? የሚል ነው።

በ1970ዎቹ ዩኒክስ የተባለው ሥርዓት ፒዲፒ 11 በሚባሉ፣ ቁም ሣጥን በሚያህሉ ማሽኖች ላይ ይሠራ ነበር። ማሽኑን የሚያስተዳድረው ሰው በክፍሉ ውስጥ ያሉትን መሣሪያዎች በዝርዝር ጽፎ፣ በዚያ ዝርዝር መሠረት ከርነሉን እንደ ገና አገናኝቶ ይሠራል። አዲስ ዲስክ ቢመጣ ዝርዝሩ ታርሞ ከርነሉ እንደ ገና ተሠርቶ ማሽኑ ጠፍቶ ይነሣል። ይህ አድካሚ ነበር፤ ነገር ግን አዲስ መሣሪያ ዘወትር የሚገዛ ነገር አልነበረምና ማንም አላማረረም። ከርነሉን የሚሠራውና ማሽኑን የሚያዘው አንድ ሰው ስለ ሆነ፣ ድራይቨሮቹ ሁሉ መሀል ሰፋሪዎች መሆናቸው ክርክር የሚያስነሣ አልነበረም።

የግል ኮምፒዩተር ሲመጣ ግን ማሽኑን የሚሠራው ሌላ፣ ሥርዓቱን የሚጽፈው ሌላ፣ ተጨማሪ ካርድ የሚሸጠው ደግሞ ሦስተኛ ሰው ሆነ። ስለዚህ በ1983 የወጣው የማይክሮሶፍት ዶስ 2.0፣ ኮንፊግ ሲስ በሚባል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ስማቸው የተጻፈውን ድራይቨሮች ማሽኑ ሲነሣ የሚጭን ሆኖ መጣ። ገዢው ዶስን ሳይነካ ካርዱን ሰክቶ አንድ መስመር ይጽፋል። ዶስ በብዙ ነገር የሚናቅ ሥርዓት ነው፤ በዚህ አንድ ነገር ግን ከእርሱ ይበልጥ የተማሩ ነን የሚሉትን ቀድሟል። በዩኒክስ ወገን ሶላሪስ 2 በ1992 ሲወጣ ከርነሉ ድራይቨሮችን በፈለጋቸው ጊዜ የሚጭን ነበር።

ሊኑክስ የተወለደው በዚሁ ዘመን ነው። በ1991 በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የጻፈው የመጀመሪያ ከርነል የሚያውቀው የእርሱን ማሽን ብቻ ነበር፤ አንጎለ ኮምፒዩተሩ 386፣ ዲስኩ የኤቲ ዐይነት፣ የፊደል ገበታው እንኳ የፊንላንድ ሆኖ በከርነሉ ውስጥ ተጽፎ ነበር። ከዚህ ይበልጥ አብሮ የተሠራ ነገር ሊኖር አይችልም፤ ጸሐፊውም ተጠቃሚውም እርሱ ነበርና። በጥር 1992 አንድሩ ታኔንባውም የተባሉት የአምስተርዳም መምህር፣ ሁሉን በአንድ አካል ያከማቸ ከርነል ጊዜው ያለፈበት አሠራር ነው ብለው በግልጽ ተቹት። እርሳቸው የሚደግፉት ማይክሮከርነል የሚባለውን ነው፤ በዚህ አሠራር ድራይቨሮች ከከርነሉ ውጭ እንደ ተራ ፕሮግራም ይኖራሉ፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው አይወድቅም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም አለበት። ሞጁል በታኔንባውምና በቶርቫልድስ መካከል የተገኘ እርቅ ነው የሚሉ አሉ፤ አይደለም። ምሳሌያችን የማይሠራበትም ቦታ ይህ ነው። የክተት ጦር ንጉሡ ዘንድ ከደረሰ በኋላም በየአለቃው ሥር ይቈያል። ሞጁል ግን አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ በከርነሉ አካል ውስጥ ይገባል፤ በማኅደረ ትውስታው ሁሉ ላይ ሙሉ ሥልጣን አለው፤ ሲሳሳትም ማሽኑን በሙሉ ይዞ ይወድቃል። ‹‹ዋይ›› እና ‹‹ኤም›› የሚለያዩት በሚገቡበት ጊዜ እንጂ ከገቡ በኋላ ባላቸው ሥልጣን አይደለም። ስለዚህ ‹‹ሞጁል ስለ ሆነ አያሰጋም›› የሚል ተማሪ ተሳስቷል።

ሊኑክስ ከጸሐፊው እጅ ወጥቶ ለማያውቃቸው ሰዎች ሲደርስ ችግሩ ወዲያው ታየ። በ1993 የጀመረው ስላክዌር የተባለው ስብስብ ብዙ ዐይነት ማስነሻ ፍሎፒዎች ያዘጋጅ ነበር። ባለ ስካዚ ዲስክ የሆነ ሰው አንዱን፣ ሲዲው ከድምፅ ካርዱ ጋር የተያያዘ ሰው ሌላውን፣ ተራ ዲስክ ያለው ሦስተኛውን መርጦ ይወስዳል። ለምን ሁሉ በአንድ ላይ አልሆነም? አንደኛ፣ ፍሎፒው የሚይዘው 1.44 ሜጋባይት ነው፤ በዚያ ዘመንም ብዙ ማሽን 4 ሜጋባይት ማኅደረ ትውስታ ይዞ ይሠራ ነበር፤ ከርነሉ የያዘው ቦታ ደግሞ እንደ ሌላው ፕሮግራም ወደ ዲስክ ተገልብጦ ለጊዜው አይለቀቅም። ሁለተኛው ምክንያት የባሰ ነው። የዚያ ጊዜ ካርዶች አይሳ በሚባለው ማገናኛ ላይ የሚሰኩ ነበሩ፤ እነርሱም ሲጠየቁ ስማቸውን አይናገሩም። ድራይቨሩ ካርዱ መኖሩን የሚያውቀው አንዳንድ አድራሻዎችን እየነካካ ነው። በከርነሉ ውስጥ 20 ድራይቨር ቢኖር 20ውም በተራ ይነካካሉ፤ ከእነርሱም አንዱ የሌላውን ካርድ በስሕተት ነክቶ ማሽኑን ቀጥ ያደርገዋል። ሰው የሌለውን ካርድ ድራይቨር በመሸከሙ ያለውን ካርድ ያጣ ነበር።

ይህን ያቃለለው የሞጁል ሥርዓት ነው። የመጀመሪያዎቹን መሣሪያዎች ከጻፉት መካከል ባስ ላርሆቨንና ብዮርን ኤክዋል ይጠቀሳሉ፤ በመጋቢት 1995 የወጣው ሊኑክስ 1.2 ሞጁሎችን የሚቀበል ነበር። ሰውየው በእጁ ትእዛዝ ጽፎ እንዳይጭን ደግሞ ከርነልዲ የሚባል አገልጋይ ተጨመረ፤ ፕሮግራም ድምፅ ሊያሰማ ሲነሣ ከርነሉ አገልጋዩን ይጠራል፣ አገልጋዩም ሞጁሉን ፈልጎ ይጭናል፤ አንድ ደቂቃ ያህል ሥራ ያልነበረውንም ሞጁል ያሰናብታል። በጥር 1999 በወጣው ሊኑክስ 2.2 ግን ኬሞድ የተባለ ቀለል ያለ አሠራር ተተካ፤ ይህ መጥራቱን ይጠራል፣ ማሰናበቱን ግን ተወው። ምክንያቱም ሞጁልን ከማስገባት ማውጣት ይከብዳል፤ የከርነሉ አንድ ክፍል ገና የሞጁሉን ትእዛዝ እየፈጸመ ሳለ ሞጁሉ ከሥሩ ቢነሣ አደጋ ነው። ዛሬም ማውጣት መቻሉ ራሱ ሲኮምፓይል ሊተው የሚችል አማራጭ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንቅፋት ደርሰናል። ሞጁሎች በዲስክ ላይ ይቀመጣሉ ብለናል። ዲስኩን የሚያነበው ድራይቨር ራሱ ሞጁል ቢሆንስ? የጎተራው ቁልፍ በጎተራው ውስጥ ተቈለፈበት ማለት ነው። ከርነሉ ይነሣል፣ ዋናውን የፋይል ሥርዓት ይፈልጋል፣ አያገኝም፤ ፈጽሞም ይቆማል። ኮምፒዩተር የሚማር ሰው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ከርነሉን ሠርቶ የሚያየው ይህንን ነው።

ለዚህ ሁለት መፍትሔ ተገኘ። አንደኛው ጥንታዊው ነው፤ የዲስኩን ድራይቨርና የፋይል ሥርዓቱን ‹‹ዋይ›› ማለት። ሁለተኛውን በ1996 ቨርነር አልምስበርገርና ሃንስ ሌርመን አዘጋጁት፤ እርሱም መጀመሪያ ኢኒት አርዲ፣ በኋላ በ2.6 ዘመን ተሻሽሎ ኢኒት ራም ኤፍኤስ የተባለው ነው። በዚህ አሠራር ማስነሻው ፕሮግራም ከርነሉን ብቻ ሳይሆን ትንሽ የታሸገ የፋይል ስብስብም አብሮ ወደ ማኅደረ ትውስታ ያመጣል። በስብስቡ ውስጥ ዲስኩን ለመክፈት የሚበቁ ሞጁሎች አሉ። ከርነሉ እነዚያን ጭኖ ዋናውን ዲስክ ከከፈተ በኋላ ስብስቡን ይጥለዋል። በአማርኛ ይህን ስንቅ ብዬ ብጠራው አንባቢ የሚቃወመኝ አይመስለኝም። ወደ ወረኢሉ የወጣው ዘማች ከማከማቻው እስኪደርስ የበላው ከማከማቻው ያወጣውን አልነበረም፤ በስልቻ የያዘውን በሶና ቆሎ ነው እንጂ።

ስንቁ ከተገኘ በኋላ የማያውቁትን ማሽን ለማስነሣት የሚያግድ ነገር ጠፋ። ፒሲአይና ዩኤስቢ የተባሉት ማገናኛዎችም ከአይሳ የተሻሉ ሆኑ፤ መሣሪያው ሲጠየቅ የአምራቹንና የራሱን ቍጥር ይናገራል። ከሊኑክስ 2.4 ጀምሮ እያንዳንዱ ሞጁል የሚያገለግላቸውን ቍጥሮች በራሱ ላይ ጽፎ ይዞራል። በ2003 በግሬግ ክሮኽ ሃርትማን የተጀመረው ዩዴቭ ደግሞ መሣሪያ በተሰካ ጊዜ ከከርነሉ መልእክት ተቀብሎ የሚያስተናግድ ሆነ፤ ከጊዜ በኋላም በቍጥሩ መሠረት ትክክለኛውን ሞጁል የማስጫኑን ሥራ ያዘ። በዚህ ምክንያት ዴቢያንም ሆነ ሬድ ሃት ለዓለም ሁሉ የሚበቃ አንድ ከርነል ሠርተው፣ ሺሕ ሞጁሎችን በዲስክ አስቀምጠው፣ ማሽኑ ራሱን እንዲያስተዋውቅ ይተዉታል። ሠሪው ማሽኑን አያውቅም፤ ማሽኑ ግን ራሱን ያውቃል።

እንዲህ ከሆነ ‹‹ዋይ›› ለጥንቃቄ ሲባል ሁልጊዜ የተሻለ ነው ሊባል ይችላልን? አይቻልም፤ የሚከተለውን ደግሞ ብዙዎች አይጠብቁትም። ብዙ የዋይፋይና የስክሪን ካርዶች ፈርምዌር የሚባል የራሳቸው ፕሮግራም ካልተሰጣቸው አይሠሩም። ፈርምዌሩ በዲስክ ላይ ያለ ፋይል ነው። ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር አብሮ ከተሠራ ሥራውን የሚጀምረው ዲስኩ ገና ሳይከፈት ነው፤ ፈርምዌሩን ይጠይቃል፣ ያጣዋል፣ ካርዱም ሞቶ ይቀራል። ያው ድራይቨር ሞጁል ሆኖ ዘግይቶ ቢጫን ኖሮ ፋይሉን ባገኘ ነበር። ‹‹ዋይ›› ማለት ከተፈለገ ፈርምዌሩም ወደ ከርነሉ ወይም ወደ ስንቁ መግባት አለበት። አስቀድሞ መድረስ ለብቻው አይበቃም፤ የሚያስፈልገውን ይዞ መድረስ ይገባል።

የተራ ጉዳይም አለ። አብረው የተሠሩ ድራይቨሮች የሚነሡት በታወቀ ቅደም ተከተል ነው፤ ሞጁሎች ግን መሣሪያው በታየበት ተራ ይገባሉ። ሁለት የኔትወርክ ካርድ ያለው ማሽን ዛሬ አንደኛ ያለውን ነገ ሁለተኛ ሊለው ይችል ነበር፤ ለውስጥ የታሰበው የኬላ ሕግ ለውጭው ሲሆን ምን እንደሚከተል መገመት ቀላል ነው። በ2013 ሲስተምዲ 197 ካርዶችን በተሰኩበት ቦታ መሰየም ከጀመረ ወዲህ ይህ ቀሊል ሆኗል።

ስለ ጸጥታ ባጭሩ ላንሣ። በር ያለው ቤት ሌባም ይገባበታል፤ ሥልጣን የሰረቀ ሰው የራሱን ሞጁል ጭኖ በከርነሉ ውስጥ ሊደበቅ ይችላል። ስለዚህ በ2009 በሊኑክስ 2.6.31 በሩን እስከ ሚቀጥለው መነሣት ድረስ የሚዘጋ ትእዛዝ፣ በታኅሣሥ 2012 በሊኑክስ 3.7 ደግሞ ማኅተም የሌለበትን ሞጁል የመከልከል ችሎታ ተጨመሩ። የሚያገለግለው አንድ የታወቀ ተግባር ለሆነ ማሽን ሞጁልን ጨርሶ መተው ከሁሉ ቀላሉ ነው።

ማሽኑን አስቀድሞ የሚያውቅ ሠሪ ምን ያህል እንደሚጠቀም የታየው በመስከረም 2008 ነው። የኢንቴል ባልደረቦች አርያን ቫን ደ ቬንና ኦከ ኮክ፣ አሱስ ኢኢ ፒሲ የተባለች ትንሽ ላፕቶፕ በ5 ሴኮንድ ተነሥታ ለሥራ ዝግጁ እንድትሆን አደረጉ። ከአምስቱ ለከርነሉ የፈቀዱት 1 ሴኮንድ ነው። ስንቁን ጣሉት፤ ማሽኒቱ ለመነሣት የሚያስፈልጓትንም ድራይቨሮች ከከርነሉ ጋር አብረው ሠሯቸው። ይህ ሊሆን የቻለው በእጃቸው ያለችውን ማሽን እያንዳንዷን ቺፕ ስለሚያውቁ ነው። ያንኑ ከርነል ወስዶ በሌላ ላፕቶፕ ላይ ቢጭኑት ላይነሣ ይችላል።

ከዚህ የተቃራኒው ታሪክ በየኪሳችን አለ። በወረኢሉ ገበያም ሆነ በመካነ ሰላም ሰው የሚይዘው አንድሮይድ ስልክ ሊኑክስ ከርነል አለው። ስልክ ሠሪ የሚሠራውን ስልክ በሚገባ ያውቃል፤ ስለዚህ ለብዙ ዓመታት የቺፕ ሠሪውም የስልክ ሠሪውም ሥራ ከከርነሉ ጋር እየተቀላቀለ ይሠራ ነበር። የቀረው ጉዳይ ከሽያጭ በኋላ ያለው ነበር። በከርነሉ ላይ የጸጥታ ቀዳዳ ሲገኝ እያንዳንዱ ስልክ የተለየ ከርነል ስላለው እርማቱ ለእያንዳንዱ ለብቻ መዘጋጀት ነበረበት፤ ለብዙዎቹም ሳይዘጋጅ ይቀራል። ጉግል በ2021 ከወጣው አንድሮይድ 12 ጀምሮ፣ 5.10 ከርነል ይዘው ለሚወጡ ስልኮች ከርነሉ ለሁሉ አንድ እንዲሆንና የስልክ ሠሪዎቹ ድራይቨሮች ሞጁል ሆነው እንዲለዩ ደነገገ። ማሽኑን የሚያውቀው ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለ ማሽኑ የማይጨነቅ ከሆነ እውቀቱ ለባለ ስልኩ አይጠቅመውም፤ ይህ ለጥያቄያችን የተጨመረ አዲስ ቃል ነው።

እንግዲህ ለአንድ የወረኢሉ ትምህርት ቤት በልዩ ልዩ ፋብሪካ የተሠሩ 20 አሮጌ ኮምፒዩተሮች በስጦታ ቢመጡለት ምን ይደረግ? የመጡት ማሽኖች አይተዋወቁምና ለእያንዳንዱ ከርነል መሥራት ከንቱ ድካም ነው፤ በሞጁል የተሞላው የዴቢያን ዐይነት ከርነል ይበቃቸዋል። 20ው አንድ ዐይነት ቢሆኑና አንድ ሰው ሊከታተላቸው ቢመደብ ግን የዲስኩንና የፋይል ሥርዓቱን ‹‹ዋይ››፣ የዋይፋዩንና በየጊዜው የሚሰካውን ‹‹ኤም›› ብሎ ቀጠን ያለ ከርነል መሥራት ይችላል። ዝርዝሩንም በግምት መሙላት አያስፈልገውም። ስቲቨን ሮስቴድ የጻፈው፣ በ2009 ከሊኑክስ 2.6.32 ጋር የወጣው ሎካል ሞድ ኮንፊግ የሚባል ትእዛዝ፣ ማሽኑ በአጠቃላዩ ከርነል ተነሥቶ ሳለ የተጫኑትን ሞጁሎች አይቶ የቀሩትን ‹‹ኤን›› ያደርጋቸዋል፤ ሎካል የስ ኮንፊግ የሚባለው ወንድሙ ደግሞ የተጫኑትን ሁሉ ወደ ‹‹ዋይ›› ይለውጣል። ትእዛዙ የሚያየው በዚያች ሰዓት የተጫነውን ብቻ ስለ ሆነ፣ ከመጻፉ አስቀድሞ ፍላሽ ዲስኩን፣ ማተሚያውን፣ ፕሮጀክተሩን፣ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የምትወጣውን ካሜራም ቢሆን ሁሉን መሰካት ያስፈልጋል።